ሲቭ 5፣ ሲቭ 6 ወይስ ኦልድ ወርልድ? አራት ሰው በአንድ ላፕቶፕ

ሰላም የወሎ ልጆች፣ ደሴም ኮምቦልቻም ወልዲያም ያላችሁ፣ ርቃችሁም የምታነቡ። ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ ቧንቧ ውሃ አካባቢ አንድ ጓደኛችን ቤት አራት ሆነን እንገናኛለን። ያለን አንድ ላፕቶፕ ነው፣ ራሙ 4 ጊጋ፣ ለብቻው ግራፊክስ ካርድ የለውም። እስካሁን የኳስ ጌም ነበር የምንጫወተው፣ አሁን ግን በተራ በተራ የሚኬድ፣ ከአንድ ሰፋሪ ተነስተህ መንግሥት የምትገነባበት ጌም ይዘን ወራት የሚያስኬድ አንድ ዘመቻ ልንጀምር ተስማምተናል። የቱን ነው የምንይዘው?

እኔ 6ኛው ሲቪላይዜሽን (ባጭሩ ሲቭ 6 የሚባለው ጌም) ይሁን ባይ ነኝ፣ ምክንያቴም አንድ ነው፣ መሬቱ። በ5ኛው ላይ ላይብረሪውም ገበያውም ጦር ሰፈሩም ያው ከተማዋ ያለችበት አንድ ታይል፣ ማለት ማፑ የተከፋፈለበት አንድ ቁራጭ መሬት፣ ውስጥ ይታጨቃል። በ6ኛው ግን ዲስትሪክቱን፣ ማለት የከተማዋን ልዩ ልዩ ሰፈር፣ አውጥተህ መሬት ላይ ነው የምታሰፍረው፣ የትምህርቱ ሰፈር ተራራ ሲጠጋ ሳይንስ ይጨምራል፣ የንግዱ ሰፈር ወንዝ ሲጠጋ ወርቅ ይጨምራል፣ ስለዚህ ገና ከተማዋን ከመትከልህ በፊት ዙሪያህን ማየት አለብህ። ደሴ ያደገ ሰው ይሄን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል፣ በአንድ በኩል ጦሳ በሌላ በኩል አዝዋ ገደል ይዞን ከተማዋ በመሃል መሃል ነው የሄደችው፣ የት ቤት እንደሚሰራ የወሰነው መሬቱ ነው። ባለፈው ሳምንት ብቻዬን በ6ኛው የኢትዮጵያ መሪ የሆነውን ምኒልክን ይዤ ሁለተኛዋን ከተማ ኮረብታ ላይ ተከልኳትና ስሟን ደሴ ብዬ ቀየርኩት። ከጎኗ ካለው ኮረብታ ላይ ውቅር ቤተ ክርስቲያን አሰራሁ፣ ዙሪያው ሶስት ተራራና ሁለት ኮረብታ ነበረው፣ በየአንዳንዱ አንድ አንድ እየጨመረ ከራሱ ጋር 6 እምነት (ለሃይማኖት የሚቆጠር ነጥብ) ሰጠኝ። ምኒልክ ደግሞ ኮረብታ ላይ ለተተከለ ከተማ ከሚያመነጨው እምነት 15 በመቶውን በሳይንስም በባህልም ይጨምርለታል። ማፑን እያየሁ ብዙ ቆየሁ፣ እውነት ለመናገር ደስታ ነው የተሰማኝ።

(ክሩ፣ ማለት ከዚህ ስር ያለው የመልስ ሰልፍ፣ ስለረዘመና ብዙ ሰው መሃል ላይ እየገባ ስለሚጠይቅ በየቁጥሩ የተባለውን እዚሁ ስር ጽፌላችኋለሁ።)

1 ላይ ቀድሞ የመለሰው የኮምቦልቻው ልጅ ነው። በመሬቱ ነገር ከኔ ጋር ነው፣ ግን የኛን ላፕቶፕ ፈርቶልናል። የመጀመሪያዎቹ 100 ተራዎች ይበራሉ ከዛ በኋላ ግን ኮምፒውተሩ የሌሎቹን መንግሥታት ተራ እስኪጨርስ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው አለ፣ የኮምቦልቻ ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ የሱ ማሽን ጭን ላይ አይቀመጥም። የማፑ ስፋት ስንት ነው ብሎ ጠየቀኝ፣ እኔ ስለሱ አስቤም አላውቅም ነበር።

2 ላይ ከወልዲያ የምትጽፈው እህታችን በጣም በጨዋነት አረመችኝ። 5ኛው ላይ መሬት ዝም ይላል ማለት ስህተት ነው አለች። ከተማህን ተራራ አስጠግተህ ካልተከልክ ኦብዘርቫቶሪ መስራት አትችልም፣ ኦብዘርቫቶሪ ደግሞ የከተማዋን ሳይንስ በ50 በመቶ ያሳድጋል፣ ኮረብታ ላይ የተተከለች ከተማም ለመከላከል ትጠነክራለች። ልዩነቱ 6ኛው ጮክ ብሎ መናገሩ ነው፣ 5ኛው ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው። ይሄ ነገር ከብዙዎቹ መልሶች ይልቅ ውስጤ ቀርቷል፣ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

3 ፒያሳ ኮምፒውተር የሚጠግነው ወንድማችን ነው። ለ5ኛው ትንሹ የሚጠየቀው ራም 2 ጊጋ፣ ለ6ኛው 4 ጊጋ መሆኑን ነግሮን፣ ትንሹ ማለት ይከፈታል ማለት እንጂ ይመቻል ማለት አይደለም አለ። ስለ ጌም ከመከራከራችሁ በፊት ፋኑን አስጠርጉት፣ የማቀዝቀዣውን ፔስት አስቀይሩት፣ ከተቻለ ሃርድ ዲስኩን ወደ ኤስኤስዲ ለውጡ ብሎ ዋጋ ሳይጠራ ሄደ፣ ጥሩ ሰው ነው።

4 ረጅሙ ነው፣ አንድም አራት ነጥብ የለውም፣ እኔም እንዳለ ነው የምነግራችሁ፣ ልጁ ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ 5ኛውን ሲጫወት የኖረ ነው፣ ባለ ስድስት ጎኑ ታይል የመጣውም በአንድ ታይል አንድ ተዋጊ የሚለው ሕግ የመጣውም በ2010 ከ5ኛው ጋር ነው ይላል፣ ከዛ በፊት በ4ኛው ላይ ሠራዊቱን ሁሉ አንድ ታይል ላይ ቆልለህ ነበር የምትሄደው፣ ከዛ ወዲህ ግን ማን ከፊት ማን ከኋላ እንደሚቆም ታስባለህ፣ ታሪክም ነገረን፣ ኢትዮጵያን ይዞ አራት ከተማ ብቻ ተክሎ ተቀምጦ ሳለ አስራ አንድ ከተማ ያለው ጎረቤት ወረረው፣ የአድዋ መንፈስ የሚባለው የኢትዮጵያ ችሎታ ደግሞ ካንተ የበለጠ ከተማ ካለው ጋር ስትዋጋ 20 በመቶ ጉልበት ይሰጥሃል፣ መሃል ሰፋሪ የሚባሉት የኢትዮጵያ ልዩ ተዋጊዎች ለዋና ከተማው በቀረቡ ቁጥር ይበረታሉ፣ በሁለት ተራራ መሃል ያለች አንዲት መግቢያ ላይ ሁለት መሃል ሰፋሪ አቁሞ ኋላ መድፍ አድርጎ የመጣውን ሁሉ እዛች በር ላይ እንዳስቀረው፣ ከዛም ኃይለ ሥላሴ እንዲህ ነበሩ አድዋ ላይ ብሎ ጨረሰ።

5 ላይ ታዲያ ጋሼ ገቡ። ብዙዎቻችን ታሪክ ያስተማሩን ናቸው፣ ስማቸውን አልጠራም። ልጁን አልቆጡትም፣ ግን ቀኑን አስቀመጡለት። አድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ነው፣ ኃይለ ሥላሴ የተወለዱት ሐምሌ 16 ቀን 1884 ነው፣ ያኔ አራት ዓመት አልሞላቸውም። 5ኛው ጌም ችሎታውን በአድዋ ስም ሰይሞ መሪውን ኃይለ ሥላሴን አደረገ፣ 6ኛው ነው ምኒልክን ያመጣው። ቀጥለው ግን ሌላ ነገር አነሱ፣ እኔ በዚህ ክር ከወደድኳቸው አንዱ ነው። የውጫሌ ውል የተፈረመው እዚሁ አምባሰል ውስጥ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ነው፣ በ17ኛው አንቀጹ ጠብ ተነስቶ ክተት ሲታወጅ ደግሞ የሸዋ ሰው በጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ እንዲከት ታዘዘ፣ ያ ሁሉ ሰው በሀገራችን በኩል ስንቁን ተሸክሞ ነው የሄደው። በነዚህ ጌሞች ግን ሠራዊት እህል አይበላም፣ አንዱን ተዋጊ ከዓለም ጫፍ ጫፍ ብትልከው ምንም አይጎድልበትም፣ ስንቅ የሌለው ጦርነት አይገባኝም አሉ።

6 ላይ ነገሩ ከረረ። አንዱ መጣና 6ኛውን ኤፒክ ስቶር የሚባለው የኢንተርኔት የጌም መደብር በግንቦት 2020 (በፈረንጆቹ) በነፃ ሲሰጥ የወሰዳችሁ ሁሉ መሠረቱን ብቻ ነው ያላችሁ፣ ኢትዮጵያ የመጣችው በሐምሌ 2020 ለብቻዋ በሚሸጥ ጥቅል ነው፣ ሙሉውን ሳትጫወቱ ማወዳደር አትችሉም ብሎ ዘጋን። የተናገረው ቀን ትክክል ነው፣ አነጋገሩ ግን ደስ አይልም። 7 ላይ ወዲያው አንዷ መልሳለት የዚህ ሀገር ካርድ ውጭ አገር እንደማይከፍል ረስተኸዋል ወይ፣ ዘመድ ውጭ የሌለው ሰው ከየት ያምጣ ብላ፣ 8 ላይ እሱ ደግሞ የባሰ ነገር፣ እሱን ልተወው። 9 ላይ የኮምቦልቻው ልጅ ተነስቶ ሁለቱንም አብሽሩ ብሎ አበረዳቸው።

10 እና 11 የ4ኛው ሲቪላይዜሽን አፍቃሪዎች ናቸው። በ2005 የወጣ ነው፣ ግን ኮምፒውተሩ ከሁሉም በተሻለ የሚዋጋው እሱ ላይ ነው ይላሉ፣ ምክንያቱም መቆለል ቀላል ነው፣ በታይል ላይ ማሰለፍ ግን ለኮምፒውተሩ ከባድ ነው። 6ኛው ላይ ከፍተኛው የዲቲ ደረጃ ሲሆን ኮምፒውተሩ በሶስት ሰፋሪ ይጀምራል አንተ በአንድ፣ ያ ብልጠት ሳይሆን ቅድሚያ ነው አሉ። እውነታቸውን ነው፣ እኔም ዲቲ ላይ የተሸነፍኩት መጀመሪያ ላይ ነው፣ መካከሉን ከደረስኩ አይነኩኝም።

12 ላይ የላስታ ልጅ ናት፣ ስለ ውቅሩ ቤተ ክርስቲያን ያልኩት አስደስቷት ግን ደሞ አንድ ነገር አንገብግቧት ነው የጻፈችው። በጌሙ ሕግ አንዱ ውቅር ቤተ ክርስቲያን ከሌላው አጠገብ መሰራት አይችልም። ላሊበላ ግን 11ዱ ቤተ ክርስቲያናት እንዴት እንደተቀመጡ እሷ ልጅ ሆና በእግሯ ዞራዋለች፣ ከቤተ ማርያም ወጥተህ ቤተ መድኃኔ ዓለም ጥቂት እርምጃ ነው፣ በተፈለፈለ ቦይና መተላለፊያ ነው የሚያያዙት፣ ለብቻው ራቅ ያለው ቤተ ጊዮርጊስ ነው። የሥራው ውበት አንድ ላይ መሆኑ ሆኖ ሳለ ጌሙ በታትነው ይላል አለች። 13 ላይ አንዱ ሊያስረዳት ሞከረ፣ አንድ ታይል እኮ ሰፊ አገር ነው፣ ስለዚህ አንዱ ውቅር መላው ላሊበላ ማለት ነው፣ በየአጠገቡ ቢፈቀድማ ሁሉም ሰው ኮረብታውን በሙሉ በውቅር ሞልቶ ጨዋታው ይበላሽ ነበር አለ። 14 ላይ እሷ ይሄን ተቀብላ ግን ያኔ ስሙን ነጠላ አታድርጉት አለች። እኔ ከሷ ጋር ነኝ። እዛ ላሊበላ ውሃ ወደየት እንደሚወርድበት ታስቦ የተፈለፈለ ድንጋይ ነው ያለው፣ ያን ያየ ሰው ባየው ነገር ሲከራከር መስማት ያስፈልጋል።

15 የጋሼን ስንቅ ይዞ የመጣ ነው፣ አምባሰል ተወልዶ አሁን አዲስ አበባ የሚሰራ። እስቲ ኦልድ ወርልድን ሞክሩት ይላል። የሰራው ሶረን ጆንሰን ነው፣ ያው የ4ኛው ሲቪላይዜሽን መሪ ዲዛይነር የነበረው። እዛ ጌም ውስጥ በየተራው ትእዛዝ የሚባል የተቆጠረ ነገር ነው ያለህ፣ ተዋጊ ስታንቀሳቅስም ትእዛዝ ይበላል፣ ሰራተኛ ስትልክም ያው ትእዛዝ ነው። ስለዚህ ጦርነት ስትገባ ቤትህ ያለው ሥራ ይቆማል። አንዱን ፈረሰኛ እስኪደክመው ደጋግመህ ልታንቀሳቅሰው ትችላለህ፣ ግን ሌላው ቁጭ ይላል። ስንቅ ባይሆንም ክተት ማለት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ያሳያል አለ። ሌላም አለ፣ አንድ ተራ አንድ ዓመት ነው፣ ንጉሥህ ያረጃል ይሞታል፣ ልጁን በማን እንዳሳደግከው ያን ጊዜ ታየዋለህ፣ በሲቪላይዜሽን ግን ምኒልክ 6000 ዓመት ይገዛል። 16 ላይ ጋሼ ተመልሰው መጥተው ወራሽ የሚያስጨንቀው ጌም ካለማ ስለ ወሎ ቤት ታሪክ የተጻፈ ነው የሚመስለው ብለው የንጉሥ ሚካኤልንና የልጅ ኢያሱን ነገር ጀመሩ፣ ከዚያ አይጠየፍ አዳራሽ ገቡ፣ 17 እና 18 እዛው አዳራሽ ውስጥ ቀሩ፣ ማንበብ የፈለገ ወደ ላይ ይመለስ፣ እኔ ሁለቴ አንብቤዋለሁ።

19 የወልዲያዋ እህት ናት፣ ኦልድ ወርልድ ላይ አንድ ቅሬታ አላት። ከተማ የሚተከልበት ቦታ አስቀድሞ ተወስኖ ተሰጥቶሃል፣ የትም መትከል አትችልም። እኔን የሚያስጨንቀኝ መሬት ከሆነ ይሄ ትልቅ ነገር ነው አለችኝ። ልክ ናት።

20 ላይ ከመንገድ ወጣን። አንዱ በጌሙ የሕንድ መሪ የሆነውን የጋንዲን ወሬ አመጣ፣ በመጀመሪያው የ1991 ጌም የጋንዲ ጠብ አጫሪነት 1 ነበር፣ ዲሞክራሲ ሲይዝ 2 ሲቀነስለት ቁጥሩ ከዜሮ በታች ወርዶ ዞሮ 255 ሆነና በኒውክሌር ዓለምን ያጠፋ ጀመር የሚለውን። 21 ላይ አስተካከሉት፣ የጌሙ ፈጣሪ ራሱ ሲድ ማየር በ2020 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ እንዲህ ያለ ስህተት እንዳልነበረ ጽፏል። በ5ኛው ላይ ግን ሆን ብለው ነው እስከ 10 በሚቆጠረው ሚዛን የኒውክሌር ፍላጎቱን 12 ያደረጉት። 22 ያው ሳቅ ነው።

23 ውጭ አገር የሚኖር ልጃችን ስለ 7ኛው ሲቪላይዜሽን ጻፈ። በየካቲት 2025 (በፈረንጆቹ) ነው የወጣው፣ ሶስት ዘመን አለው፣ ሲወጣ እንደነበረው ዘመን ሲቀየር መሪህን ይዘህ መንግሥትህን ትቀይራለህ። አክሱም ጥንት ዘመን ላይ አለች፣ ሐውልት ታቆማለህ፣ በባህር ትነግዳለህ፣ ከዛ ጥለሃት ትሄዳለህ። ይሄ አዲስ ሐሳብ ነው ሲል 24 ላይ አንዱ በኃይል ቆረጠው፣ ሂውማንካይንድ የሚባል ሌላ ጌም በ2021 ያን ቀድሞ አድርጎታል፣ እዛም አክሱማውያን አሉ፣ በየዘመኑ ባህል ትቀያይራለህ መጨረሻ ላይ ማን እንደሆንክ ይጠፋሃል፣ 7ኛውም ያው በሽታ ነው አለ። 25 ላይ የላስታዋ ልጅ በ7ኛው ላይ ያላትን ቅሬታ በአንድ መስመር አስቀመጠች፦ ሲወጣ ከአክሱም ቀጥሎ ዛግዌም ጎንደርም አልነበረውም፣ ስለዚህ አክሱምን ይዞ የጀመረ ሰው የግድ ሌላ አገር ይሆን ነበር። ከሷ በኋላ ስለ 7ኛው የጻፈ የለም።

26 ላይ አንዲት ተማሪ ላፕቶፕ ለሌለው ሰውስ ብላ አንሲቭን አስተዋወቀችን። ነፃ ነው፣ የ5ኛውን ሕግ ይዞ በቀላል ሥዕል የተሰራ ነው፣ ስልክ ላይም አሮጌ ኮምፒውተር ላይም ይሄዳል፣ ኢትዮጵያም አለችበት። ዶርም ውስጥ መብራት ሲጠፋ በስልክ ነው የምትጫወተው፣ አንድ ስልክ ለሶስት እየተቀባበሉም ተጫውተውበታል። 27 ላይ የፒያሳው ጠጋኝ ፍሪሲቭን ጨመረበት፣ ዴንማርክ ኦርሁስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የጀመሩት፣ የ2ኛውን ሲቪላይዜሽን የሚመስል፣ እሱም ነፃ። እነዚህ ሁለቱ ከሌሎቹ እኩል መነሳት አለባቸው፣ ብዙ ሰው ወደዚህ ዓይነት ጨዋታ የሚገባው በነሱ ነው።

28 የኔ ነው። ክርክሩ ስለበዛ ቅዳሜ ራሱ ሞከርነው። ፋኑን አስጠርገናል። ትንሽ ማፕ፣ ስድስት መንግሥት፣ የሁለቱንም ጌሞች የቆዩ ሴቮች (ቀድሞ ተጀምረው የተቀመጡ ጨዋታዎች) ይዘን ተራ 150 ላይ ከፈትናቸው፣ የስልክ ሰዓት ይዘን "ቀጣይ ተራ" ከተጫነበት እስኪመለስልን ቆጠርን። 6ኛው 1 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ፈጀ፣ በሁለተኛው ሙከራ 1 ደቂቃ ከ15። 5ኛውን ስትራቴጂክ ቪው ላይ አድርገን፣ ማለት ማፑ እንደ ወረቀት ካርታ ጠፍጣፋ ሆኖ የሚታይበት፣ የፍልሚያውን አኒሜሽንም አጥፍተን 20 ሰከንድ። በአንድ ማታ 40 ተራ ለመሄድ በ6ኛው ወደ 50 ደቂቃ የሚጠጋ መጠበቅ ብቻ ነው። ሲጀመርም አራታችን በየተራ እየተነሳን ነው የምንቀመጠው፣ ሆትሲት ነው፣ አንዱ ሲጫወት ሌሎቹ ፊታቸውን አዙረው ቡናው ዙሪያ ናቸው፣ በዛ ላይ ያ ሲጨመር አይሆንም። በልቤ 6ኛው እንደሆነ ነው፣ ብቻዬን ስሆን እሱን ነው የምከፍተው፣ ለቅዳሜው ግን እጄን ሰጥቻለሁ።

29 ላይ የ4ኛው ቁጥር ባለቤት፣ ያ ረጅሙ፣ ደስ ብሎት ግን ሳይኩራራ አንድ ጠቃሚ ነገር ነገረን። 5ኛው ኦቶሴቭ የሚያደርገው፣ ማለት ጨዋታውን በራሱ የሚያስቀምጠው፣ በየ10 ተራው ነው፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ በየ1 ተራው አድርጉት፣ አለዚያ መብራት ሲሄድ ባትሪው ደክሞ ከሆነ ከመጨረሻው ሴቭ ወዲህ የሄዳችሁትን ሁሉ ታጣላችሁ። እሱ አንድ ጊዜ ዘጠኝ ተራ ጠፍቶበት፣ ያቺን የተራራ በር ውጊያ እንደገና ሲዋጋት ተሸንፏል። 30 እና 31 ስለ ኢንቨርተርና ስለ ባትሪ ነው፣ 32 ላይ 6 ቁጥር የጻፈው ልጅ ተመልሶ 7ን ይቅርታ ጠየቃት፣ እሷም ከልቧ ተቀበለችው።

33 ላይ የወልዲያዋ እህት ታዲያ ኢትዮጵያን ማን ይይዛል ብላ ጠየቀች፣ አራት ሰው ለአንድ አገር እንደሚጣላ ገብቷታል።

34፦ ትናንት በዕጣ አደረግነው፣ ስም ጽፈን ባዶ ሲኒ ውስጥ ጨመርነው፣ የቤቱ ባለቤት እናት አወጡት። ኢትዮጵያ ለልጃቸው ወጣች። ለኔ ኢንካ ደረሰችኝ፣ መጀመሪያ ከፍቶኝ ነበር፣ ከዛ ማታ ቁጭ ብዬ ሳነብ ተዋጊዎቿም ሰራተኞቿም ኮረብታ ላይ እንደ ሜዳ ይሄዳሉ፣ ኮረብታው ላይ ደግሞ እርከን ትሰራለች፣ እርከኑ አጠገቡ ባለው ተራራ ቁጥር ምግብ ይጨምራል። ከደሴ ወደ ሐይቅ ስትወርዱ ዳገቱ ላይ ያለው እርከን በቃ። የመጀመሪያዋን ከተማ ወንዝ ዳር አሰፈርኳት፣ ሁለተኛዋን ግን ሶስት ተራራ ያለበት ጥግ አግኝቼላታለሁ፣ ሰፋሪው በመንገድ ላይ ነው፣ ቅዳሜ አራት ተራ ይቀረዋል። ወልዲያ፣ 2 ላይ ያልሽው ልክ ነበር።